እሁድ ልንመጣ ነው፤ በሩን እንዳትዘጉብን

ለአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላሉ ሙዚየሞችና የቅርስ ቦታዎች ኃላፊዎች፣ ለአስጎብኚዎች፣ ትኬት ለምትቆርጡና በር ለምትጠብቁም ጭምር፤

ጤና ይስጥልን።

አያት ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከቅርስ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የለም። ይህን የምጽፈው ላለፈው አንድ ዓመት ተኩል ቅዳሜና እሁዳችንን እናንተ ጋ ስላሳለፍን ነው። አንዳንዴ ከበሩ ወዲያ፣ አንዳንዴ ከበሩ ወዲህ። ቅሬታዬ ከበሩ ወዲህ ስለቀረንባቸው ቀናት ነው። ግን ከመልካሙ ልጀምር። አለበለዚያ ለክስ የመጣሁ ይመስልባችኋል።

ነገሩን ያመጣው የቤት ሥራ ነው። ትንሹ ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበር። "በአካባቢህ የሚገኝ አንድ ቅርስ ጻፍ" ይላል ጥያቄው። እሱም በዚያ በተንጋደደ ፊደሉ "የአክሱም ሐውልት" ብሎ ጽፏል። መምህሩም ራይት አድርጎለታል።

"አክሱም አካባቢያችን ነው እንዴ?" አልኩት።

"መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ ነዋ!" አለኝ።

ከአያት አክሱም በመኪና ቢሄዱ ሁለት ቀን ነው። ከአያት ብሔራዊ ሙዚየም ያለበት አምስት ኪሎ ግን ባቡርም ታክሲም ተይዞ፣ ሰልፉም ተጨምሮ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልጄ ግን አምስት ኪሎን በስምም አያውቃት። አሰብኩት። ልጆቼ የሚያውቋት አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ሰርቪስ፣ የአክስታቸው ቤት፣ አንድ ሞልና የጓደኞቻቸው ልደት ብቻ ነች። ለባለቤቴ ነገርኩት። "እንግዲያው እናውጣቸው" አለ። እንዲህ ሆነና በሁለት ሳምንት አንዴ መውጣት ጀመርን። ቅዳሜ እሱ ሥራ ከሌለው ቅዳሜ፣ ካልሆነም እሁድ ከቅዳሴ መልስ። ምሳችንን ይዘን ነው የምንወጣው፤ ጾም ከሆነ የምስር ሳምቡሳ፣ ካልሆነ ዳቦ በእንቁላል። እናቴም አለችበት። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ልጆቹ "እማማ" ነው የሚሏት። መንዝ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ሙዚየም የሚባል ነገር ገብታ አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ድንቅነሽ፣ ሉሲ የምንላት፣ ምድር ቤት ናት። ትንሹ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ፤ መስታወቱ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። የተዘረጉትን አጥንቶች አየ። ቆሞ የሚታየውን ቅርጽ አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና እጁን አናቱ ላይ አድርጎ "እማዬ፣ ከእኔ ታጥራለች!" ብሎ ጮኸ።

ልክ ነው። ድንቅነሽ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ10 አይበልጥም። የኔ ልጅ በ7 ዓመቱ አልፏታል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚባለው ቁጥር ለእሱ ምንም አይነግረውም። ለእኔም ቢሆን፣ ቁጥር ስደምር የምውል ሰው ሆኜ፣ ብዙም አይነግረኝም። "ከእኔ ታጥራለች" ግን እስከ ዛሬ አፉ ላይ አለ። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ቅርስ ጻፉ ሲባሉ ይህንኑ ጽፎ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። ሄጄ ተከራክሬ አስመልሻለሁ።

የቀረውን የነገረን አንድ አስጎብኚ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ከአጥንቷ 40 በመቶ ያህሉ እንደተሰበሰበ፣ እኛ የምናያት አምሳያዋ መሆኗን፣ ዋናዋ ተቆልፎባት እንደምትቀመጥ። ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ነገር ማጣራት ትወዳለች። "ታዲያ ዋናዋን ማን ነው የሚያያት?" አለችው። "ተመራማሪ ስትሆኚ አንቺ ታያታለሽ" አላት። ይህን ሰው አልረሳውም። ሰላም ስለምትባለውም አጫወተን። ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ያገኛት፣ በ3 ዓመቷ ገደማ የሞተች ሕፃን ናት። ሰዉ "የሉሲ ልጅ" ይላታል፤ ግን ከሉሲ በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ትንሹ እህቱን "እኔ እንደ ሰላም ነኝ፤ ልጅ ብሆንም እበልጥሻለሁ" ይላታል። መልስ አጥታለች።

ቀጥሎ ስድስት ኪሎ ሄድን። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቀድሞ ቤተ መንግሥት በገነተ ልዑል ውስጥ ነው። ከፊት ለፊቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የሚመስል ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ደረጃ። ኋላ ጣሊያን ሲወጣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ ይህን ስናገር ልጆቹ ቆጠራ ጀምረው ነበር። የሁለቱ ቁጥር አልገጠመም። ተጣሉ። እንደገና ቆጠሩ፤ አሁንም አልገጠመም። "አንበሳው የተቀመጠበትን ትቆጥራለህ አትቆጥርም?" የሚለው ክርክር እስከ ባቡር ጣቢያው ዘልቋል። እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። የጣሊያንን ወረራ ቁጭ አድርጌ ላስተምር ብል ይህን ያህል አይከራከሩበትም።

ውስጥ ገብተው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አዩ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ በዚሁ ግቢ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል፣ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት መገደላቸውን ባለቤቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ለትልቋ ነገራት። ትንሹ የመታጠቢያ ገንዳው ፊት ቆሞ "ንጉሥም ይታጠባል?" ይላል።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ እናቴ ነው። እዚያ ሙዚየም ውስጥ ዕቃው የተደረደረው የሰውን ሕይወት ተከትሎ ነው። ከልጅነት ይጀምርና ጉልምስናውን፣ ሥራውን፣ ሞቱን ይዞ ይሄዳል። እናቴ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች መጣችና አንድ ቅል ፊት ቆመች።

"ይህ እኮ መናጫ ነው" አለች።

ልጆቹ ዞረው አዩዋት።

"እናቴ ጠዋት ጠዋት በዚህ ትንጥ ነበር። እኔን እያስቀመጠች 'አዳምጪ' ትለኛለች። ቅቤው ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ ቦጭ ቦጭ ይላል፤ በኋላ ድብ ድብ ይላል።" በሁለት እጇ የሌለ ቅል ይዛ መናጥ ጀመረች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። አንድ የማናውቀው ልጅ መጣ። ከዚያ እህቱ መጣች። ወላጆቻቸውም መጡ። እናቴ ከመናጫው ወደ ወፍጮው፣ ከወፍጮው ወደ ባና ተሻገረች። ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና ስንት በግ ተሸልቶ፣ በማን እጅ ተፈትሎ፣ ማን ሸምኖት እንደሚያልቅ፤ ሙሽራ ያለ ባና አትሸኝም ነበር የሚለውን ሁሉ። እኔ ራሴ ግማሹን አልሰማሁም ነበር። 40 ዓመት ሙሉ እናቴ ናት፤ አልጠየቅኳትማ! አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከጥግ ወንበር ስቦ አቀረበላት። "ተቀምጠው ያጫውቱን እንጂ እናቴ" አላት። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጣ አወራች።

ያቺ ወንበር ናት ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የሚመለከተው ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሙዚየም በር ላይ ደረስን። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ዓርብ ዕለት ደውዬ ነበር፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በሩ ላይ የሥራ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ፀሐይ በልቶት "ከ... እስከ..." ብቻ ይነበባል። በር ላይ ያለው ሰው "ምሳ ሰዓት ነው፤ ሰባት ተኩል ኑ" አለን። እሺ። አጥሩ ጥግ ላይ ካርቶን አንጥፈን ተቀመጥን። ሳምቡሳችንን በላን። ትንሹ በአጥሩ ሽንቁር ወደ ውስጥ እያየ "ዕቃዎቹም ምሳ ወጥተዋል?" አለ። ሳቅን። ሰባት ተኩል ሆነ። ሌላ ጥበቃ መጣ። "ቅዳሜ ከሰዓት የለም እኮ" አለ።

"ጠዋት ያለው ሰውዬ ሰባት ተኩል ኑ ብሎን ነው።"

"እሱ አዲስ ነው፤ አያውቅም።"

እናቴ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። "ግድ የለም፣ አየር አገኘን" አለች። ከአያት ሦስት ትራንስፖርት ለውጠን የመጣነው ለአየር ነው እንግዲህ።

ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ መብራት ጠፍቶ ደረስን። ትኬቱ አልጠፋም፤ ከፈልን። ውስጡ ጨለማ ነው። ልጆቹ እንዲያዩ የስልኬን መብራት አበራሁ። "ፎቶ ክልክል ነው!" የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። ፎቶ እያነሳሁ እንዳልሆነ አስረዳሁ። "ቢሆንም" አለኝ። በዚህ "ቢሆንም" ላይ ስንት ነገር እንደሚቆም ሳስበው ይገርመኛል።

ሦስተኛውን ደግሞ ትልቋ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። አንድ አስጎብኚ ሁለት ፈረንጆችን ይዞ ያስረዳል። ጥሩ ነው የሚያስረዳው። እኛም እየሰማን ከኋላ ተከተልን። ትልቋ እንግሊዝኛው ይገባታል፤ ለእናቴ በጆሮዋ ታስተረጉምላታለች። ሰውዬው ዞሮ "እናንተ ጽሑፉን ማንበብ ትችላላችሁ እኮ" አለን። ጽሑፉን አየነው። ከዕቃው ሥር ያለው ካርድ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛም አለው፤ ግን እንግሊዝኛው የሚለውን ሩብ ያህል እንኳ አይልም። መለያ ቁጥሩን፣ የተገኘበትን ቦታ ይናገራል። ለምን እንደሚያገለግል አይናገርም። እናቴ የምታውቀው ደግሞ ያንኑ ካርዱ የማይለውን ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ነገር ገባኝ። የእናንተ ሰዓት የመሥሪያ ቤት ሰዓት ነው። ሥራችሁ ግን የመሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ሙዚየም መሄድ የሚችል ማን ነው? ቱሪስት ነው። በመምህራን ታጅቦ በአውቶቡስ የሚመጣ ተማሪ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ ነው፣ ተሰልፎ ገብቶ ተሰልፎ ይወጣል። ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል። ወላጅ ሥራ ይውላል። እኛ የምንፈታው እናንተ ስትዘጉ ነው።

ቲያትር ቤቶችን እዩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ተመርቋል። ስንት መንግሥት ሲወርድ ስንቱ ሲወጣ አይተዋል። ግን ተመልካች ቅዳሜና እሁድ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ትልቁን ቲያትራቸውን የሚያሳዩት በእነዚያ ቀናት ነው። እሁድ ከሰዓት ብሔራዊ ቲያትር በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ፈንዲሻ ሻጩ አለ፣ ባልና ሚስቱ አሉ፣ አዲስ ጫማ ያደረጉ ልጆች አሉ። ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም ሰዉ ቤተሰቡን ይዞ መሄዱን አይታችኋል። ሕዝቡ ታሪክ አይወድም የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ሕዝቡ ሰዓት ነው ያጣው።

በር የሌላቸውን ቦታዎችም እግዜር ይባርካቸው። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ሰዓት የለውም። ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጸውን አይተን፣ ትልቋ ስለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም አነበበችልን፤ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት። ከዚያ በኋላ ከተማው ላይ የወረደው እልቂት ሲነገረው ትንሹ ዝም አለ። ብዙ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ሌላ ቀን ደግሞ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ግቢ ስንዞር የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር አየንና "ፈረንጅ እዚህ ምን ትሠራለች?" አለኝ። ጣሊያን ሲወረን በእንግሊዝ አገር ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ታሳትም የነበረች ሴት ናት፤ ኋላ እዚሁ መጥታ ኖረች፣ በ1953 ዓ.ም. እዚሁ አረፈች አልኩት። "እንግዲያው የእኛ ናት" አለ። ጨረሰው።

ከከተማ ወጣ ያልንበትን አንድ እሁድ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የብሎካችን ጎረቤቶች ተዋጥተን አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። በዓለም ገና አድርገን የቡታጅራን መንገድ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የተነሣነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ ደረስን። ሰው እዚያ ቦታ ድንጋይ እየፈለጠ መሣሪያ መሥራት ከጀመረ 2 ሚሊዮን ዓመት ሊሞላው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አስጎብኚው አንድ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ሲያሳየን እናቴ "ባልጩት!" አለች። ሰውዬው ፈገግ አለ። ቆዳ ይፋቅበት እንደነበር ስትነግረው እሱም የሚያውቀውን ጨመረላት። ሁለቱ ተግባቡ። እኛ ተረሳን።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን። ላሊበላ ለመሄድ አቅም ያጣን ሰዎች እዚህ ደጃፋችን ላይ ታናሽ እህቷ እንዳለች ማን ነገረን? ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቄሱ ጧፍ ይዘው መሩን። ድንጋዩ ባዶ እግር ላይ ይቀዘቅዛል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ትንሹ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ ሄደ። "አትንካ" ያለው የለም። መንካቱ ልክ ነው አልልም። ግን የሚያስታውሰው እሱን ነው።

መጨረሻ ጢያ ደረስን። 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ የተቀረጸባቸው። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። አስቡት፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቀን ተደርሶ የሚመለስበት፣ ሁለት የዓለም ቅርስ! ልጆቹ ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸውን ሰይፍ ቆጠራ ገቡ። አንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ፣ ሌላው ላይ ጥቂት። የጎረቤታችን ልጅ "ብዙ ሰይፍ ያለው ብዙ የገደለ ነው?" ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ነው። "እንደዚያ የሚሉ አሉ። ከሥሩ መቃብር ነው። ድንጋዩ ግን አልተናገረም" አለው። ከስንት ምሁር የሰማሁት መልስ እንደዚህ አልጣመኝም። እሁድ ነበር። ክፍት ነበር። ሰው ነበረበት። ይቻላል ማለት ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው።

ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ቀን ክፈቱ። ሠራተኛው ሰው ነው፤ እሱም ልጅ አለው፤ ዕረፍት ይገባዋል። ስለዚህ ሰኞ ዝጉ። ማክሰኞንም ዝጉ፤ እኛ አንቀየማችሁም፣ ሥራ ላይ ነን። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሠራተኛ ስላለ ከአምስት ሰዓት ጀምሩ፤ እኛም ያኔ ነው ከቅዳሴ የምንወጣው። ምሳ በተራ ብሉ። የሙዚየም በር በምሳ ሰዓት ተቆልፎ እሱን ፍለጋ የመጣ ቤተሰብ ካርቶን ላይ ሲቀመጥ ማየት ለእናንተም አያምርም።

በሩ ላይ ሰዓቱን ጻፉ። በትልቁ፣ በማይለቅ ቀለም። ስልክ አንሱ። ይህ ገንዘብ አይፈጅም።

ከዕቃው ሥር በአማርኛ ሁለት መስመር ጨምሩ። ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ። "በዚህ ቅቤ ይናጣል" ቢል ለልጅ ይበቃዋል። ዋጋውን አልነካውም፤ የመግቢያው ዋጋ ችግር ሆኖብን አያውቅም፤ የእኛን ኪስ የሚያራቁተው መንገዱ ነው። ሽንት ቤቱን ግን እባካችሁ። ከልጅ ጋር የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቅርስ አይደለም፤ ሽንት ቤት ነው። ተቆልፎ "ቁልፉ ያለው ሰው ወጥቷል" የተባልንበትን ቀን በዝርዝር አልጽፍም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ሐሳብ የመጣልኝ እናቴ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ አያቶችን ጥሩ። በነፃ አስገቧቸው። ወንበር አስቀምጡላቸው። ከመናጫው አጠገብ አንዲት፣ ከሞፈርና ቀንበሩ አጠገብ አንድ አባት፣ ከሸማ መጠንጠኛው አጠገብ ሌላ። ምንም አትክፈሏቸው፤ ሻይ ብቻ። አዲስ አበባ ውስጥ በየኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ፊት የሚውሉ፣ ሊፍት ስለሌለ ወርደው መውጣት የሚከብዳቸው ስንት አያቶች አሉ! ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ የመጡ። እናንተ መስታወት ውስጥ ያስቀመጣችሁት ዕቃ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገና እየሠራ ነው። እናቴ ቅቤው ሲወጣ ድምፁ "ድብ ድብ" እንደሚል ለማን ትንገር? ካርዱ ላይ የለም። እሷ ካለፈች በኋላ ደግሞ መጠየቂያውም አይኖርም።

በመጪው እሁድ ከአምስት ሰዓት በኋላ ከመካከላችሁ ወደ አንዳችሁ እንመጣለን። ወደ ማን እንደሆነ አልናገርም። ምሳችንን ይዘናል። ትልቋ ደብተር ይዛለች፤ ጥያቄ ጽፋለች፣ እስከ 14 ደርሷል። ትንሹ ከእሱ የሚያጥር ሌላ ነገር እንዳለ ሊያጣራ ነው።

እናቴ ግን "ወንበር ይኖር ይሆን?" ስትለኝ "እንጃ" አልኳት። "እንግዲያው ዱካዬን እይዛለሁ" አለች። አልቀለደችም፤ በፌስታል አሥራ በር ሥር አስቀምጣዋለች። ፍተሻ ላይ ስትደርስ እንዳትከለክሏት።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የሁለት ልጆች እናት፣ ከአያት